ባሕር የጠፋበት አባት

(መርከቡ ትናንት ከደርባን ወደብ ተነስቶ ወደ ሞዛምቢክ ደሴቶች እያዘገመ ነው። ቀትር፣ የላይኛው ወለል። ሙዚ የሚባለው እኔ ነኝ፤ የጂኦግራፊ መምህር፣ ማለትም ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው። የሁለት ዓመት ልጄ ጀርባው ላይ ዝንጀሮ የሚመስል ቦርሳ አድርጓል፤ ከቦርሳው የወጣው ማሰሪያ ጫፉ እጄ ላይ ነው። ስሙን ሉዋንድሌ ብዬዋለሁ። በእኛ በዙሉዎች አፍ ባሕር ማለት ነው። ጎጎ (አያት እንደ ማለት ነው) ማምቴትዋ ደግሞ ከኖንጎማ፣ ከመሀል አገር የመጡ አሮጊት ናቸው። የባዶ ጠርሙስ አንገት በሲባጎ አስረው ከመርከቡ አጥር ላይ ቁልቁል እየለቀቁ ነው።)

ሙዚ፦ አይደርስም አልኩ እኮ፣ ጎጎ።

ጎጎ፦ ሲባጎው ረጅም ነው።

ሙዚ፦ ሲባጎው ረጅም ነው፤ መርከቡ ደግሞ ከሲባጎው ይበልጣል። ያለነው ፎቅ ላይ ነው። ከበታችን ሌላ ፎቅ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ።

ጎጎ፦ እንግዲያው ሾፌሩ ትንሽ ዝቅ ያድርግልን።

ሙዚ፦ መርከብ ሾፌር የለውም። ካፒቴን ነው ያለው።

ጎጎ፦ ካፒቴንስ ቢሆን እናት የለችውም? ለአሮጊት ዝቅ ቢል ምን ይጎድልበታል?

ሙዚ፦ መርከብ ዝቅ አለ ማለት ሰመጠ ማለት ነው።

ጎጎ፦ ትንሽ ነው ያልኩት። አንተስ ልጁን ምን አድርጎህ ነው እንደ ፍየል ያሰርከው?

ሙዚ፦ ዘመናዊ ማሰሪያ ነው፣ ጎጎ። በዚህ የተያዘ ልጅ አይጠፋም። አሁን ይስሙኝ፤ ይሄ ሁሉ ብረት ለምን እንደማይሰምጥ ላስረዳዎት።

ጎጎ፦ ሳትጀምር ደከመኝ።

ሙዚ፦ አጭር ነው።

(አጭር አልነበረም። ጎጎ ሁለቴ አንቀላፍተው ሁለቴ ነቅተዋል። ማሰሪያው የላላ መሰለኝ፤ ግን ሰው እያስረዳሁ ልብ የምለው ነገር የለም። ስለ ሞገድ አነሳስ ስደርስ፣ ምሳሌ እንዲሆነኝ ማሰሪያውን ሳብ አደረግኩት። ዝንጀሮው ብቻውን እየተንከባለለ መጣ። ልጁ የለም።)

ሙዚ፦ ሉዋንድሌስ? ጎጎ፣ ሉዋንድሌ የት ሄደ?

ጎጎ፦ የት ይሄዳል? ያውና።

ሙዚ፦ የቱ ጋ?

ጎጎ፦ ታች ነዋ። ቁልቁል እይ።

(አጥሩን ጨብጬ ቁልቁል አየሁ።)

ሙዚ፦ ውሃ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ጎጎ፦ ታዲያ ሌላ ምን እንዲታይህ ፈልገህ ነበር?

ሙዚ፦ በፈጠረዎት፣ በደንብ ያስታውሱልኝ። መቼ ነው ያዩት?

ጎጎ፦ ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን አልነቀልኩበትም። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ያስፈራል፣ ደግሞ ያምራል።

(ልጄን ያመሰገነልኝን ሰው መቆጣት አልችልበትም። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ እንኳ ትንሽ ደስ አለኝ።)

ሙዚ፦ እናቱን መስሎ ነው። ዛሬ ሌሊት ግን አላስተኛንም።

ጎጎ፦ ለእኔ ትነግረኛለህ? ሲያጓራ አደረ እኮ።

ሙዚ፦ እርስዎ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር? ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጎጎ፦ ግድግዳውን ሲደበድበው ነበር።

ሙዚ፦ በጫማው ነው። ጠዋት ደግሞ ገንፎውን በልቶ ሳይጨርስ አስመለሰ።

ጎጎ፦ ያስመልሳል እንጂ። የልጄን ሚስት አስመልሷት ይኸው ባልዲ አቅፋ ተኝታለች።

ሙዚ፦ እሷ ዘንድ ደግሞ መቼ ደረሰ?

ጎጎ፦ እሱ የማይደርስበት አለ?

ሙዚ፦ ጎጎ፣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። መዋኘት አይችልም።

ጎጎ፦ ሁለት ዓመት? አስተማሪ ነኝ አላልክም? አያቶቻችን ሳይወለዱ የነበረ ነው። ደግሞ ሰው ይዋኝበታል እንጂ እሱ ምን ሊሆን ይዋኛል?

(አሮጊቷ ጃጅተዋል አልኩ በልቤ። ከጃጀ ሰው ጋር በትዕግሥት ነው ብዬ ድምፄን አለሰለስኩ። ተማሪዎቼ ይህን ድምፄን ይጠሉታል።)

ሙዚ፦ እሺ፣ ጎጎ። ቀስ ብለን እንነጋገር። ዳይፐሩ ረጥቧል። በዚህ ነፋስ ርጥብ ሆኖ ከቆየ...

ጎጎ፦ ርጥብማ ነው። ደርቆ ያውቃል እንዴ?

ሙዚ፦ ካዩት ያዙልኝ፣ እባክዎ።

ጎጎ፦ እኔስ ልይዘው አይደል የመጣሁት? በዚህች ጠርሙስ።

ሙዚ፦ በጠርሙስ?

ጎጎ፦ ሁሉንማ የት አደርገዋለሁ። የሚበቃኝን ያህል ብቻ።

ሙዚ፦ ይዘውትስ ምን ሊያደርጉት ነው?

ጎጎ፦ ኖንጎማ ወስጄ ግማሹን ቤቱ ላይ እረጨዋለሁ፣ ክፉ ነገር እንዳይገባ። ግማሹን ለልጅ ልጆቼ አጠጣቸዋለሁ። ሆድ ያጸዳል። ሰፈሩ ሁሉ አደራ ብሎኛል።

ሙዚ፦ ልጄን?

ጎጎ፦ ልጅህንም አጠጣው፣ ይጠቅመዋል።

ሙዚ፦ ጎጎ፣ ሉዋንድሌ የእኔ ነው።

ጎጎ፦ እንዲያ አይባልም፣ ልጄ። የፈጣሪ ነው። እናንተ ደርባኖች አጠገቡ ስለተወለዳችሁ የግላችሁ ይመስላችኋል።

ሙዚ፦ እኔ ነኝ የወለድኩት።

(ጎጎ ሲባጎውን ሰብስበው ከእኔ አንድ ወንበር ራቅ አሉ።)

ጎጎ፦ ፀሐይ መትቶሃል። ጥላ ሥር ገብተህ ውሃ ጠጣ። የሚጠጣውን ውሃ።

ሙዚ፦ ስሙ ነው። የልጄ ስም ነው፣ ጎጎ። እዚህ ቆሞ የነበረው፣ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገው ልጅ። ሉዋንድሌ የምለው እሱን ነው።

(ጎጎ ባዶውን ዝንጀሮ አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።)

ጎጎ፦ ሰው ልጁን ባሕር ብሎ ይሰይማል?

ሙዚ፦ ባሕር አይጠፋም ብዬ ነው።

ጎጎ፦ ተምረህ ተምረህ ይሄን አመጣህ።

ሙዚ፦ እናቱን እኔ አለሁ፣ አንቺ ተኚ ብያታለሁ። ከተወለደ ወዲህ ቀን ተኝታ አታውቅም። አሁን ወርጄ ምን ብዬ ልቀስቅሳት? ልጄን ነው ያጣሁት፣ ጎጎ።

(አለቀስኩ። አላፍርበትም። ጎጎ ክንዴን ያዙኝ፤ እጃቸው የአሮጊት እጅ አይመስልም።)

ጎጎ፦ ተነስ። ልቅሶው ኋላ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ምን እያለህ ነበር?

ሙዚ፦ «ባባ፣ ባባ» እያለ ሱሪዬን ይጎትት ነበር።

ጎጎ፦ አንተስ ምን አልከው?

ሙዚ፦ ቆይ፣ እያስረዳሁ ነው አልኩት።

ጎጎ፦ (ረጅም ትንፋሽ) ቆየልህ?

(ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።)

ድምፅ ማጉያው፦ ክቡራን መንገደኞች፣ እባክዎ ያዳምጡን። አንድ አባት ጠፍቷል።

ጎጎ፦ ዝም በል፣ እንስማ።

ሙዚ፦ ዝም ብያለሁ እኮ።

ጎጎ፦ አሁንም እያወራህ ነው።

ድምፅ ማጉያው፦ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ሕፃን አይስክሬም የሚታደልበት ቦታ መጥቶ «ባባ ጠፋ» ሲል አመልክቷል። ሕፃኑ ደህና ነው፤ አይስክሬም እየበላ ነው። ስሙን ስንጠይቀው «ሉዋንድሌ» አለን። በመስኮት ባሕሩን አሳየነው። አለቀሰ። መልሰን ጠየቅነው፤ አሁንም «ሉዋንድሌ» አለን፤ አሁንም አሳየነው። ስለዚህ ስሙን ትተን የጠፋውን አባት መለያ ምልክት ጠየቅነው። «ያወራል» ብሏል።

(ወለሉ ላይ የነበሩት አባቶች ሁሉ በአንዴ ጸጥ አሉ። አንዱ ልጁን ፈልጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እኔ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም።)

ጎጎ፦ ምን ትጠብቃለህ? ሩጥ እንጂ።

ሙዚ፦ (በስንት መከራ) ቃል... ቃል አልወጣ አለኝ፣ ጎጎ።

ጎጎ፦ እዚያ እስክትደርስ ቃሉን ፈልገህ አግኘው። ዝም ብለህ ከሄድክማ ልጁ «ይሄ ባባ አይደለም» ይላቸዋል።