ለሁለት አንድ ካፖርት

ክፉ ወሬ ሲሆን እኛን የሚቀድመን የለም። መኪና ከተጋጨ፣ ሰው ከሥራ ከወጣ፣ ወሬው ሻይ ሳይፈላ ከዋይትሆል ሰፈር ዎርዝንግተን ሰፈር ይደርሳል። ደግ ነገር ሲሆን ግን አፋችን ይለጎማል። እርግዝናው ሆድ እስኪያስታውቅ፣ ቤቱ ቁልፉ እጅ እስኪገባ ትንፍሽ የለም። የሰው ዓይን ክፉ ነዋ። ራሴን ጨምሬ ነው የማወራው፤ እናንተም ብትሆኑ አትሳቁብኝ።

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ቀድመውን የመጡ ቤተሰቦችን ታሪክ የሚሰበስብ የሴቶች ማኅበር አለን። እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ ማለትም ሁሉም ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዘንድሮ የድሮ ፎቶዎች ኤግዚቢሽን ልናዘጋጅ ተነሣንና የመጀመሪያውን ግድግዳ ለእትዬ ሰዓዳና ለእትዬ ዘነበች ሰጠን። የወሎዋ ሰዓዳና የአዲስ አበባዋ ዘነበች ከሁላችንም ቀድመው ዋይትሆል አንድ አፓርትመንት ውስጥ የኖሩ፣ ኋላም ብዙዎቻችንን ከኤርፖርት የተቀበሉ ናቸው። ችግሩ ከተኳረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። እትዬ ዘነበች ከከተማው ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ቤት ሲገዙ ለእትዬ ሰዓዳ አልነገሯቸውም። እትዬ ሰዓዳ የሰሙት የእትዬ ዘነበች አልጋ በበር ሲወጣ ነው። አሁን ደግሞ እትዬ ሰዓዳ በወሩ መጨረሻ ሌላ ስቴት ያለች ልጃቸው ጋ ሊጠቀለሉ ነው። እንደተኳረፉ ሊለያዩ ነው ማለት ነው፤ ይኼ እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዚያ ዘመን የተረፈው አንድ ፎቶ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ለሁለት የነበራቸው አንድ ካፖርት ብቻ ስለነበር፣ አንዷ ቀኝ እጇን ሌላዋ ግራ እጇን አስገብተው፣ በረዶ ውስጥ ቆመው ተነሡት። ሁለት አሳጥበው ተካፈሉ። እትዬ ሰዓዳን ብጠይቃቸው አምጥተው ሰጡኝ፤ በመቀስ ተቆርጧል፣ እትዬ ዘነበች የሉበትም። የእትዬ ዘነበችን ብቀበል እሱም ተቆርጧል። መቼም ስንጣላ ከፎቶ መጀመር እናውቅበታለን።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱንም ቤቴ ጠራኋቸው። አንዳቸው ስለ ሌላቸው መምጣት አልነገርኳቸውም፤ መደበቅ እንደሆነ ተክነንበታል። ተያይተው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

ካፖርቱ ሁለት ሆነ። እያንዳንዳቸው ጓደኛቸውን ሲቆርጡ ካፖርቱን ሳይነኩ ዙሪያውን ዞረው ነው የቆረጡት። የእትዬ ሰዓዳ እጅ በእትዬ ዘነበች ፎቶ ውስጥ፣ የእትዬ ዘነበችም በእትዬ ሰዓዳ ፎቶ ውስጥ ከእጅጌው ብቅ ብሎ ቀርቷል።

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። "ካፖርቱን ሙሉውን ወሰድሽው እንዴ?" አሉ።

"አንቺስ? እጄን ይዘሽው የለም ወይ?"

"ካፖርቱን መቁረጥ አንጀቴ እንቢ አለኝ።"

እትዬ ሰዓዳ የራሳቸውን ቁራጭ ወደ እሳቸው ሳብ አድርገው፣ "ቤቱን ለምን ደበቅሽኝ?" አሉ።

"የባንኩን ሎን ዲናይ ቢያደርጉኝስ? ብድሩን ቢከለክሉኝስ? ቢበላሽብኝ አንቺም አብረሽኝ ታለቅሻለሽ ብዬ ነዋ።"

"ታዲያ ከማን ጋር ልታለቅሺ ነበር?"

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ እኔም የምጽፈው ጠፋኝ።

ሁለቱ ቁራጮች እንዳሉ ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። የማያውቅ ሰው፣ ሁለቱም ካፖርት ነበራቸው ብሎ ያልፋል። እትዬ ሰዓዳ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ኤርፖርት ያደረሷቸው እትዬ ዘነበች ናቸው።

እኔም ልቤ ተነክቶ በዚያው ሳምንት ለልብ ጓደኛዬ ደወልኩ። "ቤት ልገዛ ነው፤ ገና ክሎዝ አላደረግሁም፣ ውሉን አልፈረምኩም፣ ግን ካንቺ አልደብቅም" አልኳት። በራሴ ኮርቼ ነበር።

እሷ ደግሞ፣ "እኔ እንኳን ባለፈው ወር ገዝቼ ገብቻለሁ" አለችኝ።

አብረን የተነሣነው ፎቶ ፍሪጁ ላይ ነው። አየሁት። መቀሱ ያለበት መሳቢያም እዚያው አጠገቡ ነው። "እንኳን ደስ ያለሽ፣ አድራሻውን ላኪልኝ" አልኳትና መሳቢያውን ሳልከፍት ጫማዬን አደረግሁ።