የሞስኮ ስልክና ሦስቱ ሽማግሌዎች

አንድ ሰው ዶክትሬት ሲማር የሚማረው ቤተሰቡ ነው። ተማሪው መመረቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ስለ ዶክትሬት ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ከእህቴ ከፀዳለ ጋር ለዓመታት አብሬ ተምሬያለሁ። እሷ ሞስኮ፣ እኔ ፒያሳ።

እህቴ የምታጠናው የስንዴ በሽታ ነው። እኔ የማጠናው የልጇን ጉንፋን ነው። ሜላት ገና ጡት ሳትጥል በሰው እጅ ተልካልን መጣች፤ አሁን መሮጥ ጀምራለች። የሜላት አባት ሐኪም ነው፤ ሐረርጌ ተመድቦ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል። እናታችን የለችም። ስለዚህ ልጅቷን የምናሳድጋት አባባና እኔ ነን። አባባ የሰው ፀጉር ያስተካክላል፣ እኔ የልጅ አፍንጫ እጠርጋለሁ።

ቤታችን ስልክ ስለሌለ ከእህቴ ጋር የምንነጋገረው በቀጠሮ፣ ቸርችል ጎዳና ስልክ ቤት ወርደን ነው። ጥናቷን መምህራኗ ፊት ቀርባ ለመከላከል ሦስት ወር ሲቀራት ሜላትን ይዘናት ሄድን። “እማዬ በያት” አልናት። ሜላት ቀፎውን አየችና አለቀሰች። ሞስኮም አለቀሰች።

“ልጄ ረስታኛለች” አለች እህቴ። “ትቼው እመጣለሁ።”

“ማክሰኞ ጠዋት ደውዪ፤ አስቤ እነግርሻለሁ” አላት አባባ።

ሰኞ፣ የመጨረሻው ደህና ቀን፣ እንደማንኛውም ሰኞ ነበር። የአባባ ፀጉር ቤት ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጡ በስተግራ ነው። ለገባው ደንበኛ ሁሉ ጉዳዩን ያቀርባል። ክፋቱ፣ የሚያቀርበው ምላጩን ጉሮሮ ላይ አድርጎ ነው።

“ልጄ ትምጣ ወይስ ትጨርስ?”

“ትምጣ እንጂ፣ ልጅ እኮ…” አለ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው።

ምላጩ ቆመ።

“ማለቴ… ትጨርስ።”

“እኔ መች ትጨርስ አልኩ?”

“እሺ ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን። ብቻ ይላጩኝ።”

ከሰዓት ጎረቤታችን ጋሽ ሺበሺ መጡ። እሳቸው ትጨርስ ባይ ናቸው። ዶክተር ስትሆን ወገባቸውን ታይላቸዋለች።

“ሺበሺ፣ እሷ የምታክመው ስንዴ ነው” አላቸው አባባ።

“እኔስ ዕድሜ ልኬን ምን ስበላ ኖርኩ?”

እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። መስከረም ላይ መምህራን ማሠልጠኛ እንድገባ ተመርጫለሁ። እህቴ ከመጣች እገባለሁ። ካልመጣች… ልጅ አዝሎ የሚማር ሠልጣኝ አይቀበሉም። ስለዚህ ሱቁን ስንዘጋ ጠየቅሁት።

“አባባ፣ ነገ ምን ልትላት ነው?”

“ለሷ ነው የምነግራት።”

“ለኔስ?”

“አንተ ሞስኮ ነህ?”

ቤት ገባን። ሜላትን አቀፋትና ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ውሃ ላመጣለት ጓዳ ገባሁ። ስመለስ… ስመለስ ልጅቷ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠች ነበረች። እሱ ግን አልነበረም።

እዚህ ቦታ ላይ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም። እንለፈው።

ሰዓት እላፊ ሳይደርስ የእድራችን ዳኛ ጋሽ በየነ መጡ። (ጋሽ በየነ ጋዜጣ አያነቡም፤ ስለዚህ ሳልፈራ ልቀጥል።) እንደምታውቁት እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የንስሐ አባት አስከትለው፣ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው መናገርም አያስፈልጋቸውም።

ጋሽ በየነ ወሰኑ። እህቴ ትምህርቷን እስክትጨርስ አትሰማም። ስትመጣ በወጉ ይነገራታል።

“ነገ በስልክ አንተ ታነጋግራታለህ። አባባ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል በላት።”

“ብትጠረጥርስ ጋሽ በየነ?”

“ብቻህን አንልክህም።”

ጋሽ ሺበሺ እንባቸውን ጠረጉ። “የተሰማን ሳል አውቀዋለሁ” አሉ። “ከኋላህ ሆኜ እስልልሃለሁ።”

በማግስቱ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወደ ስልክ ቤት ወረድን። ጋሽ በየነ፣ ጋሽ ሺበሺ፣ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበትና እኔ። ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል። በር ላይ ያለው ዘበኛ ሲያየን ቆቡን አወለቀ።

“ማን ሞቶ ነው?”

“ማንም” አሉት ጋሽ በየነ።

“ሞስኮ፣ ካቢን ሦስት” ተባለ። አንድ ሰው በሚይዝ ካቢን አራት ሆነን ገባን።

“ሄሎ፣ እትዬ።”

“ዳዊት፣ አባባስ?”

“ጉንፋን ይዞት ተኝቷል።”

ጋሽ ሺበሺ ሳሉ።

“ማነው የሚስለው?”

“ጋሽ ሺበሺ ናቸው” አልኩ። ውሸት አልለመድኩም።

ጋሽ በየነ ቀፎውን ነጠቁኝ። “ፀዳለ ልጄ፣ እንደምን አደርሽ፣ ሁሉም ሰላም ነው፣ አባትሽም ሰላም ነው” አሉና ለአባ አቀበሏቸው። አባ መዋሸት ስለማይሆንላቸው ትንሽ አሰቡ።

“እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ” አሉ። “ለትምህርቱ ማለቴ ነው።”

ቀፎው እኔ ዘንድ ተመለሰ።

“ጋቢ ለብሰዋል?” አለችኝ።

“አዎ።”



“መቼ?”

“ትናንት።”

“ምን ትላለች?” አሉ ጋሽ በየነ ከጀርባዬ።

“ጉንፋኑ መቼ ጀመረው ነው የምትለው።”

ስታለቅስ ይሰማኛል። አታልቅሽ እንዳልላት ሦስት ሽማግሌ ትከሻዬ ላይ አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

“ምን ሊለኝ ነበር?”

“አልነገረኝም። ለሷ ነው የምነግራት አለኝ።”

“ልምጣ ወይ?”

መስከረም ትዝ አለኝ። አባባ ያለኝን የሰማ ሌላ ሰው የለም፤ ትምጣ ብሎ ነበር ብላት ማንም አያስተባብለኝም። እሷም ብትመጣ ለቀብሩ አትደርስም።

“እሱ ምን ሊልሽ እንደነበር አላውቅም” አልኳት። “እኔ ግን ጨርሺ እላለሁ።”

“ማሠልጠኛህስ?”

“ሕንፃው የትም አይሄድም።”

“ሜላትስ?”

“ስትመጪ አስተዋውቃችኋለሁ።”

ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ የማይለይ ድምፅ ሰማሁ።

“እሺ” አለች። “ማወቄን ግን አትንገራቸው። ስመጣ በወጉ ይንገሩኝ። ያኔ አብረን እናለቅሳለን።”

ለልቅሶ ተቀጣጥረን ስልኩን ዘጋን።

“አወቀች?” አሉ ጋሽ በየነ።

“አላወቀችም።”

“ሳሉ ነው የጠቀመን” አሉ ጋሽ ሺበሺ።

ቸርችልን ሽቅብ ስንወጣ፣ ከሦስት ወር በኋላ ጎህ ሲቀድ እህቴን ማን ቀድሞ እንደሚያነጋግራት ተከራከሩ። ደጃችን ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። ጋሽ በየነ ክንዴን ያዙኝ።

“አንተ ገና ልጅ ነህ” አሉኝ። “እንዲህ ያለ ነገር ሆድህ ውስጥ መያዝ አትችልም። ለኛ ተወው።”

“እሺ ጋሽ በየነ” አልኩና ለሜላት ገንፎ ላገነፋ ገባሁ።