ዘይቱ የረጋ ለት

ቆቦ ላይ የሚረጋ ነገር የለም። ቅቤው ገበያ እስኪደርስ ይቀልጣል፤ እኛም ጥላ እስክናገኝ እንቀልጣለን። ታዲያ ዘይት ይረጋል ብሎ ማን ያስባል?

የባለቤቴ እናት አርፈው አርባቸው ሁዳዴ ላይ ዋለ። አገራቸው ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አመዳይ የሚጥልበት። አማች ባዶ እጁን አይሄድም ብዬ ከቆቦ አንድ ጀሪካን ዘይት ይዤ ወጣሁ። ያን ከውጭ የሚመጣውን። ሳስጭነው እንደ ውሃ ይንቦጫቦጭ ነበር።

ወጡ በሱ ተሰርቶ አደረ። ጠዋት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሞላ የቀረውን ሊቀዳ ጀሪካኑን ቢያዘነብል፣ ጠብ የሚል ጠፋ። ነጭ! ድርቅ ያለ!

"ሞራ ነው!" አለ። "ቆላ የወረደ ሰው ጾም የለውም ብያችሁ ነበር። በናቴ አርባ ሞራ ያብላን?"

ቅዳሴ ወጥቶ ካህናቱ ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። እጅ ታጠቡ። እንጀራውን የሚነካ ግን የለም። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። "እናቴ ምን አጠፋች? አርባዋ ሳይበላ ሊቀር ነው?" አለችኝ። እኔ ለሌላ ለሌላው ቀልድ አላጣም። ለዚህ አጣሁ።

ከለቀስተኛው መሀል አንድ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር፣ የጎጃም ልጅ። ተነስቶ አስረዳ። ዘይትም ሞራም ውስጡ ረዣዥም ሰንሰለት ነው አለ። ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ እንደ ማሽላ አገዳ ጎን ለጎን ገጥሞ ይተኛል፤ ትንሽ ብርድ ሲነካው ይረጋል። የኑጉ ግን መሀሉ ላይ ጎበጥ ይላል። የግራር ጭራሮ በሉት፤ ብታስሩትም አይገጥምም። ስለዚህ በብርድም ይፈሳል። ይሄኛው የዛፍ ፍሬ ነው፤ ቀጥ ቀጥ ያለው በዛበት እንጂ ከብት የሚባል አያውቅም አለ። ይመኑኝ ብሎም ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አወጣው። ቀለጠ።

"ሞራስ አይቀልጥም?" አለ ጋሼ ሞላ።

እውነቱን እኮ ነው!

ይሄኔ ከካህናቱ ሁሉ ሽማግሌው፣ ጀርባቸው መቋሚያቸው ላይ የጎበጠው አባ፣ ቀና አሉ።

"ልጄ፣ የምን ዛፍ ነው ያልከው?"

"ዘንባባ ነው፣ አባ።"

"ዘንባባ? የሆሳዕናው?"

"ዘመዱ ነው፣ ግን..."

እግሩን ረገጥኩት። "ግን" ጉሮሮው ላይ ረጋች።

አባ አማተቡ። "ጌታ የተቀበለውን እኔ ማን ነኝና እመልሳለሁ?" ብለው ባርከው ቆረሱ። ዳሱ ሙሉ ተከተላቸው። ባለቤቴም ፊቷን ጠራርጋ ከጓዳ ወጣች፤ ወጥ ልትጨምርላቸው።

ልጆቻችንን ቀጥ በሉ፣ ቀጥ በሉ እያልን ነው የምናሳድግ። ያን ለት የአማቴን አርባ ያስበላልን ግን ጎባጣው ነው።

ሲመሻሽ ጋሼ ሞላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"እንዳትቀየመኝ፣ እኔ እኮ ቀጥ ያልኩ ሰው ነኝ" አለኝ።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አልኩት። "ለዚያ እኮ ነው የረጋኸው።"