ለነጥብ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ጋሽ የሻው

የትም መሥሪያ ቤት ግቡ፣ ሁሉም «በሴዴር፣ ደህና ነው» ሲል «ማን መሰከረ?» የሚል አንድ ሰው አይታጣም። እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ላለው የቅየሳ ቢሮ የደረሱት ክቡር አቶ የሻው ነበሩ። ወጣቷ ባልደረባቸው ሊላክ ደግሞ፣ ወዮላት፣ ወንበሯ ከእሳቸው አጠገብ ሆነ። ያን ጊዜ ታማርራቸው ነበር፤ ዛሬ ስታስታውሳቸው ሆዷ ይባባል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ድሮን ሰፈሩን ከላይ ፎቶ ያነሳል። ፕሮግራሙ በተለያዩ ፎቶዎች ላይ የታየውን አንድ ቦታ እየለየ ነጥብ ያደርግበታል፤ በነጥቦቹም ፎቶዎቹን አያይዞ ካርታ ያወጣል። መጨረሻ ላይ ስህተቱ በአማካይ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር ሪፖርት ይሰጣል። ስህተቱ ትንሽ ከሆነ ሌላው ሰው ሪፖርቱን ልኮ ቤቱ ይገባል። ጋሽ የሻው ግን መነጽራቸውን ያወጣሉ።

«ይሄ አማካይ ነው፤ አማካይ ስንቱን ጉድ ይሸፍናል» ይሉና ነጥቦቹን አንድ በአንድ ይከፍታሉ። በሁለት ፎቶ ብቻ የታየች ነጥብ ካገኙ አለቀላት። «ሁለት ምስክር ለሠርግ ይበቃል፤ ለካርታ አይበቃም።» ጥላ ላይ ያረፈችም ትሰረዛለች። ነፋስ በሚያወዛውዘው ስንዴ ላይ ያረፈችማ ስሟ አይነሳ። «እኔ ይሄ የሚበር ነገር ሳይመጣ ያን ሸለቆ በእግሬ ነው የለካሁት» ይላሉ፤ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

ጉዱ የታየው የአፉላ ኢሊት ሰፈር ጣራዎች ፎቶ የተነሱ ጊዜ ነው። በየጣራው ያለው የውሃ ማሞቂያ በርሜል አንድ ዓይነት ነውና ፕሮግራሙ የአንዱን ሕንፃ በርሜል ከጎረቤቱ ጋር አንድ አደረገው። ሪፖርቱ ያማረ ነበር። ጋሽ የሻው ግን ልጅ ሊድሩ እንደተቀመጡ የጎንደር ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ጀመር፤ ይሄ በርሜል በየትኛው ፎቶ ታየ፣ በግራው ማን አለ፣ በቀኙስ? «መልክ ስለተመሳሰለ ዘመድ ነው እንዴ?» ብለው ለያዩአቸው። ሊላክ በዚያ ምሽት የእህቷ ልደት አመለጣት፤ በልቧ ረገመቻቸው። ምኞቷ አንድ ነበር፤ አንድ ቀን ሳይመረምሩ እንዲያምኗት።

ቀኑ ደረሰ። ጡረታ የሚወጡ ዕለት ሪፖርቷን ስታቀርብላቸው ኮታቸውን እየለበሱ «ላኪው» አሏት።

«አላዩትም እኮ ጋሽ የሻው።»

«አንቺ አይተሽዋል፤ ይበቃል።»

ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። መላክም አቃታት። ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሮጠች። ከወታደሮች ሻንጣ መሃል ተቀምጠው ወደ ሰፈራቸው ወደ ጊቫት ሃሞሬ የሚሄደውን አውቶቡስ ሲጠብቁ አገኘቻቸው።

«ምነው ልጄ?»

«አንዷ ነጥብ አላማረችኝም» አለች። ውሸቷን ነበር።

መነጽራቸው ወጣ። አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ፤ ቀና አላሉም።

«ይቺ ምንም የለባት» አሉ በመጨረሻ።

«ማን መሰከረ?» አለች ሊላክ።

ጋሽ የሻው አዩዋት፤ ገባቸው። ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላትና «በይ እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር» አሉ።