የሙላው ጥምጣም

በየአጥቢያው አንድ አለ። ዕድሜው ገና ነው፤ ጉልበቱ ወይፈን ይጥላል፤ ፀጉሩ ግን ቸኩሎ ጥሎት ሄዷል። ይህ ሰው ስለ ዝናቡ ቢያወሩት ያወራል፤ ስለ ግብሩ፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ጎረቤቱ ድንበር ቢያነሱለት እስኪመሽ አይሰለችም። "ፀጉር" የሚል ቃል ብቅ ያለ እንደሆነ ግን ድንገት ከብቶቹ ትዝ ይሉታል። ራሱን ሸፍኖ ይውላል፣ ሸፍኖ ያድራል። ለምን ሲሉት ምክንያት አያጣም። እንዲህ ያለ ሰው በኔ አጥቢያ የለም የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው።

የጋይንቱ እንዲህ ያለ ሰው ሙላው ይባላል፤ ቤቱ ቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ነው። እናቱ ተሾመች ቤቴን ይሙላው ብላ ሙላው አለችው። ቤቷንስ ሞላው፤ ሲገባ ሲወጣ ጎንበስ ካላለ ጉበኑ ይመታዋል። ፀጉሩ ነው እንጂ የእናትን ቃል ያልሰማ። መጀመሪያ ከግንባሩ ግራና ቀኝ ሸሸ፤ ቀጥሎ አናቱ ላይ እንደ አውድማ ያለ ክብ ተገለጠ። እኩዮቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሚዶ ሰክተው፣ እየተጎማለሉ ገበያ ሲወርዱ እሱ ከኋላ ከኋላ ነበር የሚሄድ። ከኋላ የሚሄድን ሰው አናት ማን ያያል?

ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ባለመድኃኒት ሆነ። እናቱ ለጋ ቅቤ አናቱ ላይ አኖረችለት፤ ቅቤው ቀልጦ ባንገቱ ወረደ፣ ፀጉሩ አልመጣም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት እሸው አለው፤ አሸው፤ ሲያርስ በሬዎቹ እንኳ ፊታቸውን እያዞሩ አስቸገሩት። አንዷ ጠበል ተጠመቅ አለችው፤ ተጠምቆ ጉንፋን ይዞ ተመለሰ። አጎቱ አያ ገብረ ሥላሴ ብቻ፣ "ልጄ፣ ሄደ እኮ፤ ሸኘውና ዕረፍ" ብለውት ነበር። ማን ሰምቷቸው!

አርብ ገበያ ወረደና ከጨርቅ ነጋዴው ከይማም ዘንድ ረዥም ነጭ ሻሽ ገዛ። ይማም ጨዋታ ወዳድ ነው፤ "ለማን ነው ይህን ያህል?" አለው።

"ለራሴ" አለ ሙላው።

ዕውነቱን ነው፤ ለራሱ ነው። ይማምም መተዛዘን ያውቃልና ሌላ ሳይጠይቅ እዚያው ቁጭ አድርጎ ጠመጠመለት፤ የጠመጠመለትም እሱ በሚያውቀው፣ ነጋዴዎቹ እስላሞች በሚጠመጥሙት ዓይነት ነው። ሙላው አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ቤቱ ወጣ። ተሾመች ደንግጣ ምን ሆነህ ብትለው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአፉ ያልጠፋችውን ቃል ተናገረ፦ "ምች እንዳይመታኝ ነው።" ፀሐይ ቢሆን ምች ነው። ደመና ቢሆን ምች ነው። ሐምሌ ላይ በረዶ እየወረደ፣ ሰው ሁሉ በየበረቱ ተጠግቶ እየተንቀጠቀጠ፣ ክቡር ሙላው "ምች ክፉ ነው" ይል ነበር።

መጀመሪያ ጉድ የሆነው ወገዳ፣ የሩቅ ዘመድ ሰርግ ላይ ነው። ዳሱ ሞልቷል፣ ሥጋው ተንጠልጥሏል። ባለ ሰርጉ ጥምጣሙን አይቶ ወደ አስተናጋጆቹ ጎንበስ አለና፣ "እስላሙን እንግዳ አደራ፣ የኛን ሥጋ እንዳታቀርቡለት" አለ። በክብር ለብቻው ተቀመጠ፤ ማርና ወተት ቀረበለት። ማተቡ አንገቱ ላይ ነበረ፤ የሻሹ ጫፍ ወርዶ ሸፍኖታል። ክርስቲያን ነኝ ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ክርስቲያን ነኝ ካለ፣ "ታዲያ ይህ ራስህ ላይ ያለው ምንድን ነው?" መባሉ ነው። ስለዚህ ማሩን እየላሰ፣ ሰው ጮማ ሲቆርጥ እያየ ዋለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጮማ የሚወድ ሰው ነው!

ከወገዳ ሲመለስ አንድ ነገር ቆረጠ፦ አጠማጠሙን መለወጥ። ቤተ ልሔም እንደ ሆነ የቄስና የመሪጌታ አገር ነው፤ አጥር ተደግፎ ሲያጠና ሰንብቶ ልክ እንደነሱ አድርጎ ጠመጠመ። አማረበትም። እንዲያውም እጅግ አማረበት፤ ጣጣውም ያ ሆነ።

ወደ እስቴ ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኙት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ከፊቱ ተንበረከኩ።

"ይፍቱኝ፣ አባቴ!"

ሙላው ዳዊት እንኳ ያልደገመ አራሽ ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔርም አለው፤ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብሎ የቄስ ሥራ መሥራቱን ፈራ፤ ቄስ አይደለሁም ማለቱን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ፈራ። "ሁላችንንም ይፍታን" አለ።

"መስቀል ያሳልሙኝ፣ አባቴ።"

"ዛሬ አልያዝሁም።"

አልዋሸም፤ ነገም አይይዝም። እንዲህ እንዲህ እያለ በየተዝካሩ ከካህናቱ ጋር ይቀመጥ ጀመር። አንድ ጊዜማ አንድ አዛውንት ቄስ ዞረው፣ "መሪጌታ፣ እስቲ እርስዎ ይምሩልን" አሉት። ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለ፣ ዓይኑ ዕንባ እስኪያቀርር ሳለና፣ "ምች መትቶኝ ነው" አለ። ካህናቱም አዝነውለት ጠላ ጨመሩለት።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ሙላው ጌጤን እስኪወድ ድረስ። ጌጤ አርብ ገበያ ባቄላ ይዛ የምትወጣ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ናት። ሙላው አህያዋን ያስጭናታል፣ ያስወርዳታል፤ ሌላ ሻጭ ባይጠፋም የሚገዛው ከሷ ብቻ ነው። የሚሸተውን የአህያዋን ጭነት እንኳ ሲያነሣ ፊቱ ይፈካ ነበር። ከሰው ሁሉ የሚደበቀው ሰው፣ ከሷ ፊት መቆም ደስ ይለው ጀመር። እሷን ያጣ እንደሆነ ሌላ እንደማያገባ ለእናቱ በግልጽ ነገራት፤ ተሾመችም ወንድሟን አያ ገብረ ሥላሴን ሽማግሌ አድርጋ ላከች። ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት ግን ሙላው እግራቸው ላይ ወድቆ፣ የራሱን ነገር እንዳያነሡ በማርያም አስማላቸው።

የጌጤ አባት ወልደማርያም ገበሬም የበቅሎ ነጋዴም ናቸው፤ በሃይማኖት ነገር ቀልድ አያውቁም። ሽማግሌውን አክብረው ተቀበሉና፣ "አያ ገብረ ሥላሴ፣ በእርስዎ አፈርሁ" አሉ። "ቄስ አንድ ጊዜ ክህነት ከተቀበለ ወዲያ ሚስት ማግባት የለም። ይህን እርስዎ ያጡታል? ልጄን ሰጥቼ ክህነት ላፈርስ ነው?"

"ኧረ ቄስ አይደለም! ዲቁና እንኳ የለው!"

"ታዲያ ለምን ይጠመጥማል?"

አያ ገብረ ሥላሴ መሐላው ትዝ አላቸው። "ምች... ምች እንዳይመታው ነው" አሉ።

"ዓመቱን ሙሉ?" አሉ ወልደማርያም። "እንግዲህ አንድም ቄስ ነው፣ አንድም ቄስ መስሎ ሕዝቡን የሚያታልል ነው። ሁለቱም ለልጄ አይሆንም። ከእስቴ የመጡ ሌሎች ሽማግሎች አሉብኝ፤ ነገ ቃሌን እሰጣቸዋለሁ።"

ሙላው ይህን ከአጎቱ ሰማ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል አጎቱን ቀስቅሶ፣ "እኔም እሄዳለሁ" አለ። ምን እንደሚናገር አላወቀም። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ያስባል፣ ይተወዋል፤ ያስባል፣ ይተወዋል። ወልደማርያም ደጅ ሲደርሱ የእስቴ ሽማግሎች ቀድመው ተቀምጠዋል። እንግዲህ ጌጤ ሄደች ማለት ነው።

ሙላው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ የጌጤ እናት ላቀች ከቤት ወጣች። ነጩን ጥምጣም ስታይ ነጠላዋን አጣፍታ እግሩ ሥር ተንበረከከች።

"ይፍቱኝ፣ አባቴ!"

የመንገዱ ሴቶች ሌላ ናቸው። ይህች የጌጤ እናት ናት፤ ሊያገባት የሚለምናት ልጅ እናት ጉልበቱን ልትስም ነው! ሙላው ዘሎ ወደ ኋላ ሸሸና እንዲህ አለ፦

"እናቴ፣ እርስዎን ለመፍታት ሥልጣን የለኝም። የምፈታው ይህን ብቻ ነው።"

ጥምጣሙን ይፈታ ጀመር። የይማም ሻሽ ረዥም ነው፤ ፈታው፣ ፈታው፣ አልጨረሰም፤ ግማሹ መሬት ላይ ተከምሮ ግማሹ ገና ራሱ ላይ ነው። በመጨረሻ የጧት ፀሐይ አናቱ ላይ አረፈች። ከእስቴ ሽማግሎች አንዱ ሊስቅ ጀመረና አያ ገብረ ሥላሴ ሲያዩት ወደ ሳል መለሰው።

ወልደማርያም ተነሥተው ዙሪያውን ዞሩ። "ይኸ ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ሌላ የለም? ለዚህ ነው አገሩን ሁሉ ስታንበረክክ የከረምኸው?"

"ለዚህ ነው፣ ጌታዬ። አፍሬ ነው።"

ተገላገለ ስትሉ ወልደማርያም እጃቸውን አጨበጨቡ። "ወይ ጉድ! ቄሱ ቀረና ሽማግሌ አመጣችሁብኝ! አያ ገብረ ሥላሴ፣ ይህ እኮ የኔ እኩያ ነው!"

"በሥላሴ! ጣሊያን በወጣ በዓመቱ የተወለደ ልጅ ነው። ክርስትናው ላይ ጠላ የጠጣሁ እኔ ነኝ።"

"ጠላውን ጠጡ፤ ያ ሕፃን ይህ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?" አሉና የበቅሎ ነጋዴው ወልደማርያም ሙላውን አገጩን ያዙት። "አፍህን ክፈት።"

ከጧት ወዲህ ሐፍረት የቀረው ሰው አልነበረምና ከፈተ። ወልደማርያም ላዩን አዩ፣ ታቹን አዩ፣ መንጋጋውን ባውራ ጣታቸው እየነኩ ፈተሹ። የእስቴ ሽማግሎችም አንገታቸውን አስግገው አብረው አዩ።

"ልጅ ነው" አሉ ወልደማርያም፣ እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። "ጥርሱ አይዋሽም። ልጅ ነው። ግን ጌጤ ባለ ጥምጣም አይታ እሺ ያለች እንደሆነ፣ መላጣውን ትወደዋለች ወይ? ላቀች፣ ግቢና ንገሪያት።"

ላቀች ገባች። ሙላው ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ከውስጥ መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፣ ያ ከሩቅ የሚታወቀው ሳቅ፤ ሙላው ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ። ላቀች ስትወጣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ነበር።

"ምን አለች?" አሉ ወልደማርያም።

"'ቆረቆር መስሎኝ ነበር' አለች።"

"ምን?"

"ራሱን ቆረቆር የበላው መስሏት ነበር። የቆሰለ፣ የሚያዥ።" ላቀች ቋጠሮውን ከፍ አደረገች። "ከመስከረም ጀምሮ ቅጠል ስትለቅም፣ ስታደርቅ፣ ስትወቅጥ፣ ስትነፋ፣ እኔ ለጥጃው መስሎኝ ዝም አልሁ። 'ስንጋባ እያጠብሁ እቀባዋለሁ ብዬ ነው' ትላለች። እንግዲህ ቆረቆር ከሌለበት ይህን ምን ላድርገው? ልድፋው?"

የእስቴ ሽማግሎች ዱላቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። ሙላው፣ ይህ ምስኪን፣ ይህ ደግ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ይስጡኝ፣ እናቴ።"

"ምን ሊያደርግልህ?" አሉ ወልደማርያም። "ቆረቆር የለብህ!"

"እሷ ወቅጣዋለች" አለ ሙላው፤ ቋጠሮውንም ተቀብሎ ብብቱ ሥር አኖረው።