ላንድሮቨራችን ከቁልቁለት ጥገኝነት የተላቀቀችበት ታሪክ

ልማት በቁልፍ እንጂ በድንጋይ እንደማይነሳ ከሁሉ ቀድሞ የተገነዘበ መሥሪያ ቤት ቢኖር የእኛው ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ከስብሰባ ተርፎን የምንመጻደቅበት ጊዜ አልነበረንም።

ላስታ ደጋ ላይ በተንጠለጠለችው ትንሽ ከተማችን አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። በጃንሆይ ዘመን ለወባ ማጥፊያ መጣች፤ ደርግ ስንቅ አመላለሰባት፤ ከዚያ እኛ ከነጠባሳዋ ተረከብናት። ሞተሪኖዋ፣ ማለትም ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ማስነሻ፣ እኛ ሳንደርስ ነው የሞተው። ስለዚህ ሾፌሯ ሰጠኝ ከገበያው በላይ ካለው ቁልቁለት አናት ላይ ያቆማትና ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይወትፋል። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ድንጋዩን በእግሩ ይገፋዋል፤ መኪናዋ ትንሸራተታለች፤ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ሞተሩ ይነሳል፤ ላሊበላ ሆስፒታል ይደርሳሉ። እዚያም ለመመለሻ የሚሆን ቁልቁለት አይጠፋም። በዚህ ኋላቀር አሠራር ብዙ እናቶች ተርፈዋል፤ አሠራሩ ግን ኋላቀር ከመባል አልተረፈም።

ከዞን ልዑካን ይመጣሉ ሲባል የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ሙሉሃብት ግምገማ ጠሩ። ሰጠኝ ተገመገመ። ከቁልቁለት ጥገኝነት አስተሳሰብ እንዳልተላቀቀ፣ በገዛ ሞተሩ አቅም እንደማይተማመን፣ ድንጋይንም እንደ ስትራቴጂ እንደሚያይ ተነገረው። ሰጠኝ ሲጨንቀው ግለ ሂስ አደረገ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት እንደሚቀለው አመነና ይቅርታ ጠየቀ። ላንድሮቨሯም ሞተሪኖ ተገዝቶላት በልዑካኑ ፊት በቁልፍ ተነስታ እንድትመረቅ ተወሰነ።

በስብሰባው ላይ ቄስ ወልደ ኪዳን የኅብረተሰቡ ተወካይ ሆነው ተቀምጠው ነበር። የልጃቸው የዓይናዲስ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው መኪናዋ ለመስክ ሥራ ወጥታ በቃሬዛ ስትወሰድ፣ መንገድ ላይ ነው። ሕፃኑን በነጠላቸው ጠቅልለው የተመለሱት ቄሱ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ከቦታዋ ሲያጧት የት ሄደች እያሉ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ።

«ልጄ ሙሉሃብት፣» አሉ፣ «ማሻሻሉን አልጠላሁትም። ብቻ ዓይናዲስ እስክትገላገል መኪናይቱን ከቁልቁለቱ አታንሱብኝ።»

«አባታችን፣ እርስዎ የሚያስቡት ለአንዲት ዓይናዲስ ነው። እኛ የምናስበው ለዓይናዲሶች በሙሉ ነው።»

ጭብጨባው ጋብ ሲል ኮሚቴ ተዋቀረ። የሚገዛው ሞተሪኖ ርዝመት በአቶ ሙሉሃብት ስንዝር ተለካ። ወልድያ ወርዶ የገዛው ግን ሰጠኝ ነው፤ የሰጠኝ መዳፍ ደግሞ ሰፌድ ያህላል። በስንዝሩ ለክቶ ያመጣው ከትልቅ የጭነት መኪና የተፈታ ሞተሪኖ ሆነ። «አልበዛም?» ያለ አንድ አባል ለወረዳው ትንሽ ነገር የሚመኝ ሰው ተብሎ ተገሠጸ።

መካኒኩ ፈንታው በሙያው ጥርሱን የነቀለ ነው ተብሎ ተጠራ። ሞተሪኖውን ከካምቢዮው ጎን ቢያስጠጋው ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን አላገኙም። ፈንታው ሲያመነታ አቶ ሙሉሃብት፣ አባቶቻችን ዓለት ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ባወጡበት አገር አንድ ካምቢዮ መፈልፈል እንደማያቅት አስረዱት። ካምቢዮው በመሮ ተፈለፈለ። ሞተሪኖው ገባ፤ ጥርሱ ግን ከሞተሩ ባለጥርስ ክብ ብረት ጋር አልገጥም አለ። ፈንታው ሞረዱን አንስቶ የሞተሩን ጥርስ አንድ እየዘለለ ጠርቦ ጣለለት። ጥርሱን ነቀለ የተባለው የማንን እንደሆነ የገባን ያኔ ነው።

ቁልፉ ከምረቃው በፊት እንዳይነካ ስለተወሰነ፣ በዋዜማው ላንድሮቨሯ ሳትሞከር በገመድ ተጎትታ በመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ቆመች። ቁልቁለት ላይ ሆና በቁልፍ ብትነሳ ማን ያምነናል? ለእንግዶቹ ክብር የከተማው ድንጋይ ሁሉ በዘመቻ ተለቀመ። ያ የጎማ ድንጋይ ግን ባለውለታ ስለሆነ ኖራ ተቀብቶ «የመሠረት ድንጋይ» ተጻፈበትና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የምን መሠረት እንደሆነ በጀት ሲገኝ ይወሰናል ተባለ።

ልዑካኑ በምታብረቀርቅ መኪና መጡ። ሾፌራቸው በድሩ ሰዎቹን ሜዳው ላይ አወረደና መኪናዋን ሌላ ቦታ ላቁማት ብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ በእግሩ ተመለሰ፤ አንድ ነገር ሲፈልግ ቆየና ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ተነሳ። ንግግር እያዳመጥን ስለነበር ልብ አላልነውም።

አቶ ሙሉሃብት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወላዶቻችን የሚጓዙት በቁልፍ ነው፤» እያሉ ሳለ ቃሬዛ መጣ። ከፊት የዓይናዲስ ባል መልአኩ፣ ከኋላ ጎረቤቶቿ ተሸክመዋታል። ቄሱ ከጎኗ ናቸው። አቶ ሙሉሃብት ፊታቸው በራ። ተጠቃሚዋ በራሷ ተነሳሽነት በምረቃው ላይ መገኘቷን አመስግነው መኪናዋ ውስጥ ገቡና ቁልፉን አዞሩ።

ቀጭ አለ። ደግመው አዞሩ። ግርርር ብሎ ጮኸና ድርቅ አለ። ፈንታው መኪናዋ ሥር ገብቶ ቆየ።

«ነክሶታል፣» አለ ከሥር ሆኖ።

«ምኑን?»

«ሞተሩን። ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው አንላቀቅም ብለዋል።»

አቶ ሙሉሃብት ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አስቀምጠው መኪናዋን እንዲገፉ አዘዙ። ዓይናዲስ መሬት ላይ ተኛች፤ ባሏ ሳይቀር ገፋ። ማርሽ ሲገባ ጎማው ይደርቃል፤ ማርሽ ሲወጣ ዝም ብላ ትንከባለላለች። አሮጌይቱ መኪና በቁልፍ እንደማትነሳ እናውቅ ነበር፤ አሁን በግፊም እንዳትነሳ አድርገናታል።

«አባዬ፣» አለች ዓይናዲስ ጥርሷን ነክሳ፣ «እኔ ከመኪናዋ እቀላለሁ። እኔን ተሸከሙኝ።»

ቄሱ ነጠላቸውን አደግድገው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ።

«ወደኔ አምጧት፣» አለ በድሩ።

የልዑካኑ መሪ «የእኛ መኪና እኮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ሁላችንም ቀና ብለን ወደ ቁልቁለቱ አየን። የዞኑ መኪና የእኛይቱ ትቆምበት በነበረው አናት ላይ ቆማለች። ጎማዋ ሥር «የመሠረት ድንጋይ» ይላል። ለካ እሷም ሞተሪኖ የላትም።

ዓይናዲስን ከአባቷና ከባሏ ጋር አሳፈሯት። «አብሽሪ እህቴ፣» አለ በድሩ፣ «ይቺ ቁልቁለት አታሳፍርም።» ድንጋዩን በእግሩ ገፋው። መኪናዋ ተንሸራተተች፤ ገበያው ጋ ስትደርስ ሞተሯ ተነሳ። ልዑካኑና እኛ ሜዳው ላይ ቆመን ሸኘናቸው።

ዓይናዲስ ሆስፒታል ደርሳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። በዞኑ መኪና ላይ የታየው የቁልቁለት ጥገኝነት እጅግ አሳዛኝ መሆኑ ተሰመረበት። ችግሩን ቀድመን የፈታን እኛ በመሆናችን ሞተሪኖው ከላንድሮቨሯ ተነቅሎ ለዞኑ መኪና እንዲገጠም በጭብጨባ ጸደቀ። ሐሳብ ይስጡ ሲባሉ ቄስ ወልደ ኪዳን ተነሡ።

«ክርስትናው ላይ ሁላችሁም ኑልኝ፣» አሉ። «ለዞን ግን እባካችሁ ሌላ ስጦታ ፈልጉ። የቀረችን መኪና የዞኗ ብቻ ናት።»

አቶ ሙሉሃብት የኅብረተሰቡን ምስጋና በደስታ መቀበላቸውን ገለጹ። ፈንታውም መሮውንና ሞረዱን ይዞ በማግስቱ ወደ ዞን ወረደ።