የአዋቂ እቃ አስመጣ የተባልኩት ሰው እኔ ነኝ

ቆይ! ቆይ! ቆይ! ማነው እሱ «ጠንቋይ ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ኮመንት የጻፈው?

የት አየኸኝ? እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ውስጥ ጠንቋይ ፓርኪንግ የሚያገኝ ይመስልሃል?

አንቺስ! «እኔ ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም» ያልሽው! ያኔ ኤርፖርት ድረስ በነጻ ሳደርስሽ ዓይኔ ምንም አልሆነም ነበር እኮ።

ስሙኝ። ጠንቋይ ጋ አልሄድኩም። መተት አላስመጣሁም። በካርቶን ታሽጎ የመጣ ዛር የለም።

የመጣው ሌላ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ዛር ቢሆን ይሻለኝ ነበር!

ግን ልናገር ነው፣ ምን ላድርግ። ላገባት የምፈልጋት የፌቨን እናት እትዬ ጽጌ «ሰባት ቀን ጠበል ካልተጠመቀ የሱ ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ» ብለዋል። ሽማግሌ የምልከው ደግሞ ቅዳሜ ነው! ቅዳሜ ካለፈ ጾም ይገባል፣ ጾም ከገባ ማን ሽማግሌ ይቀበላል?

አራት ዓመት የለመንኳትን ልጅ በካርቶን ልጣ?

አልጣም።

እንደምታውቁት እኔ ቢዝነስ ማን ነኝ። አዎ፣ እነዳለሁ፣ ከኤርፖርት ዳውንታውን ሰው አመላልሳለሁ። እሱ ለጊዜው ነው። (ስድስት ዓመቱ ነው ለጊዜው ከሆነ።) ጭንቅላቴ ግን ኢምፖርት ኤክስፖርት ነው። ኤክስፖርቱን ገና አልጀመርኩም።

እና አንድ እሁድ ቤተክርስቲያን ቆሜ ምን አየሁ? ትልልቅ ሰዎቻችን በሙሉ ታመዋል! ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፋ የሚውለው፣ ነርሲንግ ሆም ሰው ሲያነሳ የሚያድረው፣ አንዱ ወገቡን ይዟል፣ አንዱ ትከሻውን። መቋሚያው ለማህሌት መሆኑ ቀርቶ ለአጥንት ሆኗል።

የፌቨን አባት ጋሽ ዳምጤማ ወገባቸውም ጉልበታቸውም ነው። ዊልቸር ሲገፉ ኖረው አሁን ራሳቸው ሊቀመጡበት ምንም አልቀራቸውም።

ወገብና ጉልበት። ያዙልኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ይፈለጋል።

ስልኬን አውጥቼ ሰርች አደረግኩ። የሚንቀጠቀጥ የማሳጅ ማሽን፣ ከውጭ አገር፣ ቀጥታ ከፋብሪካ።

ከች አለ! ጭንቅላቱ ክብ፣ እጀታው ረዘም ያለ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ። አስር ዓይነት አነቃነቅ አለው። ከላዩ ላይ በትልቁ ምን ይላል?

«አዳልት»።

አዳልት ምንድነው? ትልቅ ሰው! ትልቅ ሰው ማነው? ጋሽ ዳምጤ! እስቲ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

አትሳቁ! እዚህ አገር በመጣችሁ ሰሞን «ሶሻል ሴኩሪቲ» ሲባል ዘበኝነት መስሏችሁ ደሞዙን የጠየቃችሁ ሰዎች፣ ዛሬ እኔ ላይ ሙድ ትይዛላችሁ?

ፎቶዎቹ ላይ ቆንጆ ቆንጆ ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል። እኔ ደግሞ «አይ፣ ወገባቸውን ተሻላቸው ማለት ነው» አልኩ።

ፋራ! አዎ፣ ራሴን ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደብተር ይዤ አዳራሹን ዞርኩ። «ጋሼ፣ ለህመምዎ ማሽን ላስመጣልዎት ነው፣ ስም ላስገባ?» መረቁኝ! አስራ ዘጠኝ ሰው ተመዘገበ። እንደውም አንድ ሰው ሁለት ፍሬ አዘዙ። ለወገብ አንድ፣ ለጉልበት አንድ።

ማን እንደሆኑ አልናገርም። ምያለሁ።

ከዚያ ሻጩ በቻት መጣ። «ካርቶኑ ላይ ለጉምሩክ ምን ብለን እንጻፍ? ቶይ እንበለው?»

ቶይ?!

ደሜ ፈላ። እኔን የሚያክል ሰው የልጅ መጫወቻ ሊያስመጣ? «ኖ ቶይ! ሜዲካል! ፎር ኦልድ ፒፕል! ፎር ቸርች!» ብዬ ላክሁለት።

ሰውዬው መጀመሪያ የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከ። ከዚያ «አር ዩ ሹር?» አለኝ።

«ቬሪ ሹር!»

ይባስ ብዬ የተመዘገቡትን ሰዎች ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ «ከኢንቮይሱ ጋር አያይዘው» አልኩት። ማን የት ላይ እንደሚያመውና ስንት እንዳዘዘ ሁሉ አለበት። ወረቀት ያሟላ ኢምፖርተር ነኛ!

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሜሴጅ ገባ። እቃህ ጉምሩክ ላይ ሆልድ ተደርጓል፣ መጥተህ አስረዳ።

ሌላ ሰው ቢሆን ብቻውን ሹልክ ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን ምን አሰብኩ? ጋሽ ዳምጤን ይዤ ልሂድ! እንግሊዝኛቸው አንደኛ ነው፣ የሰውን ደብዳቤ ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚያነቡት። ደግሞ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት፣ አማቻቸው ጉምሩክ የሚጠራው ነጋዴ መሆኑን ይዩልኝ።

አዩልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ለቅዳሜ የገዛሁትን ሱፍ ለበስኩ። ኤርፖርት አጠገብ ያለው ካርጎ ቢሮ ፓርክ አደረግኩ። ውስጥ ውሻዋን ልትረከብ የመጣች ፈረንጅ አለች፣ የመኪና መለዋወጫ ሊያወጣ የመጣ አንድ ሊትልተን የሚኖር ሐበሻ አለ። መስኮቱ ጋ ደግሞ የካርጎው ሠራተኛ፣ ጸጉሯን ሹሩባ የተሠራች የኛ ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች። ከሷ ጎን የጉምሩኳ ሴትዮ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ካርቶኔን ከፍታ።

«ሜዲካል ነው ብለሃል። ማነው የሚጠቀምበት?» አለች።

«ይንገሯት ጋሼ፣ ለትልልቅ ሰዎች ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ።»

ጋሽ ዳምጤ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዛ ባማረ እንግሊዝኛ፣ ለቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እንደሆነና ከጸሎት በኋላ እንደሚጠቀሙበት አንድ ሳያጎድሉ ተረጎሙላት።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

አልገባትም አልኩ። ስለዚህ ላሳያት!

አንዱን አንስቼ ክሊክ አደረግኩት። ዝዝዝዝዝ! ውሻው መጮህ ጀመረ። «ጋሼ፣ ዞር ይበሉልኝ» አልኩና ኮታቸው ላይ፣ ወገባቸው ጋ ለጠፍኩት።

ጋሽ ዳምጤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እፎይ! አንተ ልጅ! ይሄማ መድኃኒት ነው! ትንሽ ወደ ታች።»

በናታችሁ አትሳቁ። ገና ነው።

እዚህ ላይ ስልካቸው ጮኸ። እትዬ ጽጌ ናቸው፣ ሽንኩርት እንዳይረሱ ሊያሳስቡ። ጋሽ ዳምጤ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ ሁሌ ስፒከር ላይ ነው የሚያወሩት። «ያዢ እስቲ አንዴ፣ ጉምሩክ ነኝ» አሏቸው።

የኛዋ ልጅ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። «ኦ ማይ ጋድ፣ አንክል፣ ፕሊስ፣ ስቶፕ!» አለች። አንክል አላቆሙም። ከዚያ በአማርኛ ልታስረዳ ሞከረች፦ «ጋሼ፣ ይሄ ለጀርባ አይደለም። ይሄ... አዳልት... ዋት ኢዝ ኢት...» ስልኳን አወጣች፣ ተርጉምልኝ አለችው፣ አነበበች፣ ከውሻውም ከማሽኑም በላይ ጮኸች፦

«የአዋቂ እቃ ነው!!»

ከስፒከሩ ውስጥ «በስመ አብ ወወልድ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ገባችሁ አይደል? ለልጅቷ ስልክ አዋቂ ማለት ዕድሜው የደረሰ ሰው ነው። ለእትዬ ጽጌ ግን አዋቂ ማለት ያ ቀይ ዶሮ የሚያዘው ነው!

ወሬው እኛ ሳንመለስ ኦሮራን ጨረሰ።

ልጅቷ ጋሽ ዳምጤን ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ ሹክ አለቻቸው። እንግሊዝኛቸው አንደኛ ነው ብያችሁ የለ? አንድ ቃል አላመለጣቸውም። ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ በመጨረሻ ማሽኑን መሰለ።

«አጥፋው» አሉኝ።

ማጥፊያው ጠፋብኝ! ስነካው ወደ አራተኛው አነቃነቅ ሄደ። ስነካው ወደ ሰባተኛው።

«አ-ጥ-ፋ-ው!»

ሴትዮዋ ከሁሉም እሷ ጨዋ ነበረች። ማስመጣቱ ወንጀል አይደለም አለች። ጥፋቴ ሜዲካል ማለቴ ነው፣ ሜዲካል ከተባለ የሕክምና ፈቃድ ይጠየቃል። የሆነውን ብጽፍ ኖሮ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።

ምን ብዬ?

«ቶይ» አለችኝ። «አዳልት ቶይ።»

ሻጩን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ቀጥላ «እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ?» ብላ ዝርዝሩን አወጣች። ማንበብ ጀመረች! ጮክ ብላ! ከነሕመማቸው! ስድስተኛው ስም ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ «ቱ ፒስስ?» አለች።

አንድ ሰው ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ።

ማን እንደሳለ አልናገርም። ምያለሁ ብያለሁ።

እቃው ይወገድ ብዬ ፈረምኩ፣ ዝርዝሩን ተቀበልኩ። እስከ ኦሮራ ድረስ ጋሽ ዳምጤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። በራቸው ላይ ስንደርስ ጋሽ ዳምጤ «ያ ወረቀት የት አለ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ለሁለት ቀደዱት፣ ለአራት ቀደዱት፣ ኪሳቸው ከተቱት።

«ቅዳሜ ሽማግሌህን ይዘህ ና። ስለዚህ ዝርዝር ከአፍህ አንድ ቃል ቢወጣ ግን!»

ደስ ብሎኝ ልሞት! ግን ለካ እትዬ ጽጌ በር ላይ ጠበል በጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። አይነኩኝም፣ ይረጩኛል። ጋሽ ዳምጤ ያስረዱልኛል ብዬ ዞር ስል፣ ሽንኩርቱን ረስቻለሁ ብለው መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

ማታ ደወልኩላቸው። «ሰባት ቀን ምን አላት ልጄ? ተጠመቅ» አሉኝ። በዚህ በረዶ!

ለፌቨን ሁሉንም ነገርኳት። ሶፋው ላይ ሳቀች፣ ወድቃ መሬት ላይ ሳቀች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«ጻፈው፣ ሁሉም ያንብበው። እማዬ ጠንቋይ የሚሄድ አማች አትችልም። እኔ ግን ፋራ ባል እችላለሁ።»

ይኸው ጻፍኩ። እትዬ ጽጌ፣ የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ አዋቂ ጋ አልሄድኩም። አዋቂ ብሆንማ መች እዚህ እደርስ ነበር?

ጋሽ ዳምጤም እንዳይቆጡኝ። ከአፌ ምንም አልወጣም፣ በጣቴ ነው የጻፍኩት።

እና አንተ ኮመንት ላይ «ፈጠራ ነው» የምትለው! ሂድና ጠይቅ! ሹሩባዋን ልጅ ጠይቅ። የሊትልተኑን ሰውዬ ጠይቅ፣ መለዋወጫውን ረስቶ ነው ሲስቅ የወጣው። ውሻውን ጠይቅ!

ካልሆነ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ዳምጤ ጋ ጠጋ በልና «ጋሼ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?» በላቸው።

ከሳሉ፣ እውነቴን ነው።